ኮኬይኑ ተገኝቷል፤ ፍርዱ ግን ለምን ተሻረ?

«መኪናው ውስጥ ኮኬይን የተገኘበት ሰው በይግባኝ አሸነፈ» የሚል ርዕስ ጋዜጣ ላይ ብታዩ መጀመሪያ ወደ ሐሳባችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለጥቂት የዲፓርትመንታችን ልጆች አቅርቤላቸው ነበር። አንዱ «ጉቦ ተበልቷል ማለት ነዋ!» አለ። ሌላዋ «ዕፁ የሱ እንዳልሆነ ተረጋግጦ ይሆናል» አለች። ሦስተኛው ደግሞ «ጠበቃው አንደኛ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው። መቼም መልሶቹ ቢለያዩም መነሻቸው አንድ ነው። ሦስቱም ይግባኙ የታየው «ሰውየው ዕፁን ይዞ ነበር ወይስ አልያዘም?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው ብለው ነው የሚነሱት።

እውነታው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ከመኪና ፍተሻ በተነሳ የአደንዛዥ ዕፅ ይግባኝ ላይ ዕፁ መገኘቱ ጨርሶ ላያከራክር ይችላል። የሚያከራክረው ፖሊሱ የመኪናውን በር የከፈተበት ሥልጣን ነው። ይህች ልዩነት ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ልዩነቷን ያልያዘ ዘጋቢ ስሙንም ቀኑንም በትክክል ጽፎ እንኳ ለአንባቢው የተሳሳተ ዜና ሊያደርስ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ አንድ የታወቀ ጉዳይ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ላስረዳ እሞክራለሁ። ከዚያም ሁለት ሌሎች ጉዳዮችን ከጎኑ አስቀምጣለሁ። ሦስቱም የአሜሪካ ናቸው። የመረጥኳቸው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔዎች ከነዳኞቹ የልዩነት ሐሳብ ታትመው ለሕዝብ ስለሚወጡና ማንም ተማሪ አግኝቶ ሊያነባቸው ስለሚችል ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው

ቦታው በአሪዞና ግዛት የምትገኘው የቱሰን ከተማ ነው፤ ቀኑ ኦገስት 25፣ 1999። አንድ ቤት ውስጥ ዕፅ ይሸጣል የሚል ጥቆማ ስሙን ካልገለጸ ሰው ለፖሊስ ይደርሳል። ሁለት ፖሊሶች ሄደው በሩን ሲያንኳኩ አንድ ሰው ከፈተላቸው። ማን እንደሆነ ነገራቸው፤ የቤቱ ባለቤት ቆየት ብሎ እንደሚመጣም ገለጸላቸው። ፖሊሶቹ ተመልሰው ሄዱ።

መዝገብ ሲያገላብጡ ግን የሰውየው መንጃ ፈቃድ የታገደ ሆኖ አገኙት። በታገደ መንጃ ፈቃድ በመንዳቱም የመያዣ ትእዛዝ ወጥቶበታል። ማታ ላይ ፖሊሶቹ ወደዚያው ቤት ሲመለሱ ሌሎች ሁለት ሰዎችን አገኙና በየራሳቸው ጥፋት ያዟቸው። ሁለቱንም በካቴና አስረው ለየብቻ በፖሊስ መኪና ውስጥ ካስገቧቸው በኋላ ያ ቀን በር የከፈተላቸው ሰው መኪናውን እየነዳ መጣ።

ሰውየው መኪናውን አቆመ፣ ወረደ፣ በሩን ዘጋ። አንዱ ፖሊስ 9 ሜትር ያህል ርቆ ቆሞ ጠራው። እርስ በርስ ተጠጉና ከመኪናው 3 ሜትር ገደማ ላይ ሲገናኙ ወዲያው ይዞ በካቴና አሰረው። ቀድሞ የነበሩት የፖሊስ መኪኖች በሌሎቹ ተያዦች ስለተያዙ ተጨማሪ ፖሊሶች ተጠሩ። ሰውየው እነሱ በመጡበት መኪና የኋላ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ተደርጎ በሩ ተቆለፈበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሰውየው የተያዘው በምንድን ነው? በታገደ መንጃ ፈቃድ በመንዳት እንጂ በዕፅ አይደለም። አሁን የት ነው ያለው? በካቴና ታስሮ የተቆለፈ የፖሊስ መኪና ውስጥ። ፍተሻው የተካሄደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሁለት ፖሊሶች መኪናውን ሲበረብሩ አንዱ ሽጉጥ አገኘ። ሌላው ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ከነበረ ጃኬት ኪስ ውስጥ ኮኬይን የያዘ ከረጢት አወጣ።

ዐቃቤ ሕግ በሰውየው ላይ ሁለት ክስ መሠረተ። አንደኛው ለሽያጭ የሚውል አደንዛዥ ዕፅ መያዝ፣ ሁለተኛው የዕፅ መገልገያ መያዝ ነው። «መገልገያ» የተባለው ኮኬይኑ የነበረበት ያው ከረጢት ነው።

«ሕጉ ስለሚፈቅድልን ነው»

የመከላከያው ወገን ዋናው የፍርድ ክርክር ከመጀመሩ በፊት አንድ አቤቱታ አቀረበ። ፍተሻው ሕገ ወጥ ስለሆነ በፍተሻው የተገኘው ነገር ሁሉ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ይከልከልልን የሚል ነው። ሁለት ነጥብም ጠቀሰ። ደንበኛዬ ታስሮ መኪና ውስጥ ተቆልፎበት ስለነበር ለፖሊስ አስጊ አልነበረም። በታገደ መንጃ ፈቃድ ለመንዳት ማስረጃ የሚሆን ነገር ደግሞ በጃኬት ኪስ ውስጥ አይገኝም። ታዲያ ምን ፍለጋ ነው የተበረበረው?

አቤቱታው በተሰማበት ቀን ይህ ጥያቄ በቀጥታ ለፖሊሱ ቀረበለት። ፍተሻው ለምን ተደረገ? መልሱ አጭር ነበር፤ ሕጉ ማድረግ እንደምንችል ስለሚናገር ነው፣ አለ።

እኔ ይህን መልስ ሳነብ ደጋግሜ ቆሜበታለሁ። ፖሊሱ «ዕፅ አለ ብዬ ጠረጠርኩ» አላለም። «ለሕይወቴ ሰጋሁ» አላለም። የሚገርመው ግን አልዋሸም እኮ! በዚያን ጊዜ በርካታ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ሕጉን የሚረዱት ልክ እንደሱ ነበር።

ፍርድ ቤቱም ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ፖሊስ መኪናው ውስጥ ዕፅ አለ ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ነበረው የሚለውን የመንግሥት ክርክር አልተቀበለውም። ነገር ግን ሰው ሲያዝ መኪናውን መፈተሽ የተፈቀደ ነው በሚለው ደንብ መሠረት ማስረጃው እንዲቀርብ ፈቀደ። ማስረጃው ከቀረበ በኋላ ነገሩ አለቀ። ከሕዝብ የተውጣጡት ፈራጆች፣ ማለትም ጁሪው፣ በሁለቱም ክሶች ጥፋተኛ አሉት። የ3 ዓመት እስራትም ተፈረደበት።

ደንቡ ከየት መጣ?

ይግባኙን ለመረዳት ወደ ኋላ ሄደን ሁለት የቆዩ ውሳኔዎችን ማየት አለብን። ከዚያ በፊት ግን መሠረቱን። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ ሰዎች በአካላቸው፣ በቤታቸው፣ በሰነዳቸውና በንብረታቸው ላይ ከአግባብ ውጪ ከሚደረግ ብርበራ ይጠብቃቸዋል። ዋናው መንገድ ፖሊስ ለዳኛ ምክንያቱን አስረድቶ የብርበራ ፈቃድ ማውጣቱ ነው። ያለ ፈቃድ የሚደረግ ብርበራ በልዩ ሁኔታ ካልተፈቀደ በስተቀር ከአግባብ ውጪ ተብሎ ይቆጠራል።

ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ ሰው በሚያዝበት ጊዜ የሚደረግ ፍተሻ ነው። በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከካሊፎርኒያ የመጣ አንድ ጉዳይ ተመለከተ። ሰውየው በሳንቲም መሸጫ ሱቅ ዝርፊያ ተጠርጥሮ ቤቱ ውስጥ ሲያዝ ፖሊስ ቤቱን በሙሉ በርብሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ በዛ አለ። ፖሊስ ሰው ሲይዝ መፈተሽ የሚችለው የሰውየውን አካልና እጁ ሊደርስበት የሚችለውን ቦታ ብቻ ነው አለ። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ ተያዡ መሣሪያ እንዳያነሳ፣ ማስረጃም እንዳያጠፋ።

በ1981 ደግሞ ከኒውዮርክ ሌላ ጉዳይ መጣ። አንድ ፖሊስ ብቻውን ሆኖ አራት ሰዎች የያዘ መኪና አውራ ጎዳና ላይ አስቆመ። የማሪዋና ሽታ ሸተተው፤ አራቱንም አስወርዶ ያዛቸው። መኪናውን ሲፈትሽ ከጃኬት ኪስ ኮኬይን አገኘ። ፍርድ ቤቱ ለፖሊስ ግልጽ የሆነ ደንብ ለመስጠት ፈልጎ፣ የመኪና ተሳፋሪ በሕግ አግባብ ሲያዝ ፖሊስ የመኪናውን የተሳፋሪ ክፍል ሊፈትሽ ይችላል ብሎ ወሰነ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ደንቡ የተወለደው አንድ ፖሊስ ካቴና ያልገባላቸውን አራት ሰዎች ለብቻው በገጠመበት ጎዳና ላይ ነው። ቀስ በቀስ ግን የሥር ፍርድ ቤቶች «ሰው ከተያዘ መኪናው ይፈተሻል» ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ ተያዡ ታስሮ ርቆ ቢቀመጥም ለውጥ የለውም ማለት ነው። ቱሰን ላይ የነበሩት ፖሊሶች አምስት፣ ተያዦቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም ታስረው ተቆልፎባቸዋል። ደንቡ ቀረ፣ ምክንያቱ ግን ጠፋ ማለት ይህ ነው።

ዋሽንግተን፣ ኤፕሪል 2009

ጉዳዩ በአሪዞና ፍርድ ቤቶች ለዓመታት ከተንከባለለ በኋላ በ2007 የአሪዞና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍተሻው ከአግባብ ውጪ ነበር ብሎ ለተከሳሹ ወሰነለት። ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ያለችው እንግዲህ ግዛቲቱ ናት። ጉዳዩ «አሪዞና ከጋንት ጋር» ተብሎ የሚጠራውም ለዚህ ነው፤ አመልካችዋ አሪዞና፣ መልስ ሰጪው የቀድሞው ፍርደኛ። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህ ራሱ ትምህርት ነው። በየደረጃው ማን አመልካች፣ ማን መልስ ሰጪ እንደሆነ ካልለየን ዜናውን ገልብጠን ልንጽፈው እንችላለን።

ክርክሩ በኦክቶበር 2008 ተሰማ፤ ውሳኔው ኤፕሪል 21 ቀን 2009 ተሰጠ። ዳኞቹ 5 ለ 4 ተከፈሉ። የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ናቸው። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ፖሊስ አንድ መኪና ውስጥ የነበረን ሰው ይዞ በዚያ ምክንያት ብቻ መኪናውን መፈተሽ የሚችለው ከሁለት አንዱ ሲሟላ ነው። አንድ፣ ተያዡ በፍተሻው ሰዓት እጁ የተሳፋሪው ክፍል ላይ ሊደርስ የሚችል ከሆነ። ሁለት፣ ለተያዘበት ወንጀል ማስረጃ መኪናው ውስጥ ይገኛል ብሎ ለማመን ምክንያት ካለ። በቱሰኑ ጉዳይ ሁለቱም አልነበሩም።

የድምፁ አከፋፈል ራሱ ይገርማል። ብዙ ሰው «ወግ አጥባቂ» የሚላቸው ዳኛ አንቶኒን ስካሊያና ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ከዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግና ከዳኛ ዴቪድ ሱተር ጋር ከአብላጫው ወገን ቆሙ። ስካሊያ በበኩላቸው ከዚህ የጠበበ ደንብ ይመርጡ ነበር። ነገር ግን እሳቸው ለብቻቸው ቢቆሙ ፖሊስም ሆነ የሥር ፍርድ ቤት የሚከተለው ጥርት ያለ ውሳኔ ስለማይኖር ከአብላጫው ጋር መሆንን እንደመረጡ በግልጽ ጽፈዋል።

ተቃዋሚዎቹም ዝም ብለው አልተቃወሙም። የዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ዋና ክርክር ፖሊስ ለ28 ዓመታት ሲሠለጥንበትና ሲሠራበት የኖረን ደንብ ያለ በቂ ምክንያት መናድ ተገቢ አይደለም የሚል ነበር። ስቲቨንስ ለዚህ የሰጡት መልስ ፖሊስ አንድ አሠራር መልመዱ የዜጎችን ሕገ መንግሥታዊ መብት ሊያስቀር አይችልም የሚል ነው። በቀላል የትራፊክ ጥፋት የተያዘን ሰው ሁሉ የግል ዕቃ እንዳሻው የመበርበር ሥልጣን ለፖሊስ መስጠት አራተኛው ማሻሻያ ሊከላከለው የመጣውን ነገር ራሱን መፍቀድ ነው አሉ።

በውሳኔው ውስጥ ያልተባለውንም ልብ በሉ። ፍርድ ቤቱ ኮኬይኑ የሰውየው አይደለም አላለም። ዕፅ መሸጥ ችግር የለውም አላለም። ሰውየው ንጹሕ ነው አላለም። ያለው አንድ ነገር ነው፤ በሩ የተከፈተበት መንገድ ትክክል አልነበረም።

እውነተኛ ማስረጃ ለምን ይጣላል?

ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። እሺ፣ ፖሊስ አጠፋ እንበል፤ ፖሊሱ ይቀጣ። ኮኬይኑ ግን ኮኬይን ነው፤ ለምን ይጣላል? ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። በ1926 የኒውዮርኩ ዳኛ ቤንጃሚን ካርዶዞ ፖሊስ በተሳሳተ ወንጀለኛ ነጻ ይውጣ ወይ በሚል መንፈስ ደንቡን ነቅፈውታል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1914 ለፌዴራል ጉዳዮች፣ በ1961 ደግሞ ለግዛት ፍርድ ቤቶችም ጭምር በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በወንጀል ክስ ላይ መቅረብ የለበትም ብሎ ወስኗል። አስተሳሰቡ ቀላል ነው። ሕገ ወጥ ብርበራ ውጤት የሚያስገኝ ከሆነ ፖሊስ ሕጉን የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖረውም። ደግሞም ብርበራው ምንም ነገር ያልተገኘባቸው ሰዎች ፍርድ ቤት አይመጡም፤ ጃኬታቸው ተገልብጦ፣ መኪናቸው ተበርብሮ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የእነሱን መብት የሚያስከብረው ዕፅ የተገኘበት ሰው የሚያቀርበው ይግባኝ ነው። ለመቀበል የሚከብድ ነገር ነው፤ ግን እውነት ነው።

የእኛ ሰው ይህን ከማንም በላይ በተረቱ ይረዳዋል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይባላል። ትልቋ በቅሎ በፍርድ ብትወሰድ ይቻላል፤ ትንሿ ጭብጦ ያለ ፍርድ ስትወሰድ ግን ታንገበግባለች። እዚህ ላይ የሚመዘነው የዕቃው ዋጋ ሳይሆን የተወሰደበት መንገድ ነው።

ያሸነፈ ተሸነፈ፣ የተሸነፈ አሸነፈ

አሁን ቀደም ብዬ ቃል ወደገባኋቸው ሁለት ጉዳዮች እንምጣ። እነዚህን የማነሳቸው «ፍተሻው ሕገ ወጥ ነው ከተባለ ተከሳሹ ይለቀቃል» ብለን እንዳንቸኩል ነው።

የመጀመሪያው በደቡብ ዳኮታ ግዛት በቨርሚሊየን ከተማ የተነሳ ነው። አንድ መኪና መቆም በማይፈቀድበት ሰዓትና ቦታ ቆሞ ተገኘ። ሁለት ጊዜ የቅጣት ወረቀት ከተለጠፈበት በኋላ ተጎትቶ ወደ ማቆያ ተወሰደ። ፖሊስ እንደተለመደው በመኪናው ውስጥ ያለውን ንብረት ሊመዘግብ ሲከፍተው ከሾፌሩ ጎን ባለው ትንሽ የዕቃ መያዣ ውስጥ ማሪዋና አገኘ። ባለመኪናው ጥፋተኛ ተብሎ 100 ዶላርና የ14 ቀን እስራት ተፈረደበት። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1976 በ5 ለ 4 ድምፅ የንብረት ምዝገባው ተገቢ ነው ብሎ ባለመኪናውን አሸነፈው። አለቀ? አላለቀም። ጉዳዩ ወደ ግዛቱ ሲመለስ የደቡብ ዳኮታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት፣ በግዛታችን ሕገ መንግሥት ግን ምዝገባው ከአግባብ ውጪ ነው ብሎ በድጋሚ ለባለመኪናው ወሰነለት።

ሁለተኛው በነብራስካ የተነሳ ነው። በ2012 ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ሾፌር ከመንገዱ ጠርዝ በመውጣቱ ፖሊስ አስቆመው፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሰጠው። የትራፊኩ ጉዳይ በዚህ ተጠናቀቀ። ፖሊሱ ግን ሾፌሩን አቆይቶ አነፍናፊ ውሻ በመኪናው ዙሪያ አስኬደ፤ ውሻው ምልክት ሰጠ፤ ሜታምፌታሚን ተገኘ። ከማስጠንቀቂያው እስከ ውሻው ምልክት ያለፈው ጊዜ 7 ወይም 8 ደቂቃ ነበር። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለሾፌሩ ወሰነለት። የትራፊክ ማስቆም ጉዳዩ ከሚፈልገው ጊዜ በላይ፣ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ፣ ሊራዘም አይችልም አለ። ታላቅ ድል ነው አይደል? ጉዳዩ ግን ወደ ሥር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተመለሰ። ያ ፍርድ ቤት በበኩሉ ፖሊሱ የሠራው በጊዜው በነበረው የፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ተመሥርቶ በቅን ልቦና ስለሆነ ማስረጃው አይጣልም ብሎ የጥፋተኝነት ፍርዱን በዚያው በ2015 አጸናው።

እንግዲህ አስቡት። በ1976 «ባለመኪናው ተሸነፈ» ብሎ የጻፈና በ2015 «ሾፌሩ አሸነፈ» ብሎ የጻፈ ዘጋቢ ሁለቱም በዕለቱ እውነት ጽፈዋል። ነገር ግን ጉዳዩን ተከታትለው ዳግመኛ ካልጻፉ አንባቢያቸው በሁለቱም ሰዎች ዕጣ ላይ የተሳሳተ እውቀት ይዞ ቀርቷል።

እኛን የሚመለከተን እስከ ምን ድረስ ነው?

አሜሪካ ውስጥ የእኛ አገር ሰው በብዛት አለ፤ ታክሲ የሚነዳ፣ ዕቃ የሚያመላልስ ብዙ ነው። እዚህ በነጻ የሚሸጠው ጫት እዚያ ሌላ ስም አለው። በእርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ ጥብቅ ምድብ ውስጥ ነው። በመኪና ውስጥ የተገኘ እስር ጫት ለባለቤቱ የወንጀል መዝገብ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ዜግነት ለሌለው ሰው ደግሞ ጉዳቱ በእስራት አያበቃም። በ2007 በጆርጂያ ግዛት በትራፊክ ምክንያት በቆመ መኪና ውስጥ 1.3 ግራም ማሪዋና የተገኘበት ጃማይካዊ፣ በሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ከልጅነቱ ጀምሮ የኖረ ሆኖ ሳለ፣ ከአገር እንዲባረር ተወስኖበት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በ7 ለ 2 ድምፅ እንዲህ ያለው ጥፋት ያለ ምሕረት እንደሚያስባርር ከባድ ወንጀል አይቆጠርም ብሎ ወሰነለት። የአንድ መኪና በር መከፈት ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሕጉ የተለየ ነው፤ የአሜሪካውን ደንብ ገልብጠን እዚህ ልንለጥፈው አንችልም። ነገር ግን ጥያቄው ባዕድ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር እንዲጠበቅ መብት ይሰጠዋል፤ ይህ መብት የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ እንደሆነም ይደነግጋል። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 6 ደግሞ ለይግባኝ መብት ዋስትና ይሰጣል። አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ ይናገራል። ያለ አግባብ በተደረገ ብርበራ የተገኘ ዕቃ ምን ይደረግ የሚለውን ግን ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ባለ ግልጽ ቃል አልጻፈውም። ለሕግ ተማሪ ይህ ትልቅ የክርክር ርዕስ ነው። ለእኛም ችሎት ስንዘግብ ጆሯችንን የምንጥልበት ቦታ ሊሆን ይገባል።

ለዘጋቢ የሚሆን

ከላይ ካየነው በመነሳት የይግባኝ ዜና ለሚጽፍ ተማሪ አራት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ይግባኙ የቀረበበትን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ጥያቄው የፍሬ ነገር ነው (ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም)፣ የሕግ ነው (ማስረጃው መቅረብ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም)፣ ወይስ የቅጣት መጠን ነው? ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተህ ጉዳዩ ገና አልገባህም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የውሳኔውን ቃል እንዳለ ያዝ። «ጸና»፣ «ተሻሻለ»፣ «ተሻረ»፣ «ለሥር ፍርድ ቤት ተመለሰ» የሚሉት ቃላት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ተመለሰ» የተባለውን «ተለቀቀ» ብሎ መጻፍ በሰው ሕይወት ላይ መቀለድ ነው።

ሦስተኛ፣ «ነጻ ወጣ» እና «ንጹሕ ነው» የሚሉትን አትቀላቅል። ማስረጃ ውድቅ ስለሆነለት የተለቀቀን ሰው «ንጹሕነቱ ተረጋገጠ» ማለት ሐሰት ነው። በተቃራኒው «ወንጀለኛው በቴክኒክ አመለጠ» ማለትም ሐሰት ነው፤ የተጣሰው ሕገ መንግሥት ነውና «ቴክኒክ» አይባልም። ትክክለኛው አጻጻፍ አሰልቺ ቢመስልም ይኸው ነው፦ «ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍተሻው ከሕግ ውጪ መሆኑን በመግለጽ የጥፋተኝነት ፍርዱን ሻረ።»

አራተኛ፣ የተቃወሙትን ዳኞች ሐሳብ አንብብ። በ5 ለ 4 የተወሰነ ጉዳይ ላይ አራቱ ዳኞች የጻፉት የአንባቢህ ግማሽ በልቡ ያለው ጥያቄ ነው። እሱን ካላካተትክ የዘገብከው ክርክሩን ሳይሆን ውጤቱን ብቻ ነው። የእኛ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ችሎት ውሳኔዎችም በቅጽ በቅጽ ታትመው ስለሚወጡ ለዚህ ዓይነቱ ልምምድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ከቱሰኑ ሌሊት እስከ ዋሽንግተኑ ውሳኔ ድረስ ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጃኬቱ ኪስ የወጣው ከረጢት ያው ከረጢት ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። በየፍርድ ቤቱ የተለዋወጠው ለአንዲት ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው፦ በሩን ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት መክፈት ይችላል? የይግባኝ ዜና ስንጽፍ አንባቢያችን ይህችን ጥያቄ ይዞ እንዲወጣ ካደረግን ሥራችንን ሠርተናል።

ቸር እንሰንብት።